ጥጉ የሳሳ መጋረጃ

ሱሪያ፣ ነይ ግቢ። በሩን መለስ አድርጊው አቦ፣ ክሊሙ፣ ይኸ አየር ማቀዝቀዣ፣ ቅዝቃዜውን ለመንገደኛ እያከፋፈለ ነው። ዛሬ ጠዋት ብቻ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ መጣ፤ አንዴ ሃያ ደቂቃ፣ አንዴ ሠላሳ አምስት። ከዚያ ወዲህ በሬን ከፍቶ የሚቆም ሰው የምታገሠው ስወደው ብቻ ነው። ተቀመጪ። ውኃ ይኸው፣ ከፍሪጅ አሁን ነው የወጣ። ልጆቹ ደህና ናቸው? አማትሽ ተሻላቸው? አልሐምዱሊላህ።

ምን ላውርድልሽ? … መጋረጃ።

መጋረጃማ ሞልቷል። ያኛው ጣቃ ወፍራሙ ነው፣ ፀሐይ አያሳልፍም። ይኸ መካከለኛው። ያቺ ከላይ ያለችው ደግሞ ስሷ ናት፣ ነፋስ ሲነካት ብቻ ነው መኖሯ የሚታወቀው። ስንት በስንት ይሁን? … አንድ ሜትር ከሃምሳ በሁለት። አሃ።

ሱሪዬ፣ አንቺ ቤት ስገባ ስወጣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። መስኮቶችሽ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የቆርቆሮ መዝጊያ ነው ያላቸው፣ መጋረጃ ኖሯቸው አያውቅም። በኛ ሰፈር፣ በካርቲየ 3፣ አንድ ሜትር ከሃምሳ በሁለት የሚሆን መስኮት አንድ ብቻ ነው የማውቀው። መንገዱን ፊት ለፊት ያያል። ሰማያዊ መጋረጃ አለው። ግራ ጥጉ ላይ፣ ልክ በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ፣ ጨርቁ ሳስቶ ክሩ ወጥቷል። ፀሐይ ነው የበላው ይላሉ። ፀሐይዋ እንዴት አንዷን ጥግ ብቻ መርጣ እንደበላች አላውቅም። እኔ የጨርቅ ነጋዴ ነኝ፣ ስለ ፀሐይ የምለው የለኝም። ጨርቅ በጣት ሲያዝ ሲለቀቅ፣ ሲያዝ ሲለቀቅ ምን እንደሚመስል ግን ዐውቃለሁ።

አይ፣ ለማን ነው አላልኩሽም። ለማንም ይሁን። እኔ መሸጥ ነው።

እንዲያውም አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ትደሰቺያለሽ። ስም ጠርቼ ሰው ማማት ትቻለሁ። ወላሂ፣ ዓመት አለፈኝ። ያስተወችኝ መዳም ጀዋሪያ ናት፣ ሆዳን ሰፈር ያለው የልጆቻችን ትምህርት ቤት የቤተሰብ አማካሪ። አስቀምጣ ምን አለችኝ? «ማይሙና፣ አንቺ ቤት ነገር ሁሉ የሚሄደው በጎን ነው። ለልጅሽ የሚነገረውን ለግድግዳው ትነግሪያለሽ፣ ለባልሽ የሚነገረውን ለድስቱ። ቀጥ ብለሽ ተናገሪ፤ ስም እየጠሩ ማማትም ይቅር» አለችኝ። ይኸው ቀጥ ብያለሁ። ታዪኝ የለ? ስም የሚባል ነገር ከአፌ አይወጣም።

አንቺ ያን ጊዜ ድሬዳዋ ነበርሽ፣ አማትሽን ስታስታምሚ። ነገሩን የሰማሽው ከተመለስሽ በኋላ ነው፣ ያውም ከአንድ ወገን፤ ግድግዳ ከምትጋሪው ወገን። እንግዲህ ጨርቁን እስክመርጥልሽ የሆነውን ልንገርሽ። ያየሁትን ብቻ ነው የምናገር፤ ያላየሁትን ሌሎች ስለሚያሟሉት አልደክምበትም።

ባለፈው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የሳምንቱ የመጀመሪያ የትምህርት ቀን፣ እሁድ ዕለት ነው። ልጄ ሙንተሃ ከመንገድ አንዲት ፍየል በዳቦ አባብላ ትምህርት ቤት ይዛ ገባች። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ፍየሏን ዲሬክተሩ ቢሮ አስገብታ በሩን ዘጋችባት። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ይባላል፤ እዚህ አገር ቅጠል ከየት ይምጣ፣ ወረቀት ነው የለመደችው። ጠረጴዛው ላይ የቀሪዎች መዝገብ ተዘርግቶ ነበር። ሦስት ገጽ በላች፣ ከአራተኛውም ጫፉን። ሦስቱ ገጾች ሙንተሃ በስድስት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ቀን መቅረቷ የተጻፈባቸው ናቸው። … አዎ፣ አስባበት ነው ያደረገችው። መዝገቡን በዚያ ገጽ ገልጣ፣ የዳቦ ፍርፋሪ ነስንሳበት ነው የጠበቀቻት። የራሴን ልጅ አላጸዳም፤ ጥፋት ጥፋት ነው።

ግን ሦስት ገጽ ነው። መዝገቡን በእጄ ይዤ ቆጥሬያለሁ። ነገሩ ከሆዳን ተነሥቶ ካርቲየ 2 ሲደርስ አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። ካርቲየ 3 ሲገባ ሙሉ መዝገቡ ተበላ። በማግስቱ ፍየሎቹ ሁለት ናቸው ተባለ። ረቡዕ ዕለት አንዲት ደንበኛዬ ከአምቡሊ መጥታ፣ እዚህ አንቺ የተቀመጥሽበት ተቀምጣ፣ «ለመሆኑ ግመሉን በየትኛው በር አስገባችው?» አለችኝ። ወሬ ብቻውን አይፋፋም ሱሪያ፤ ሳይሰለች የሚቀልበው ደግ ሰው ይፈልጋል። ሰፈራችን ደግሞ ደግ ሰው አጥቶ አያውቅም።

በወላጆች ኮሚቴ ውስጥ አንዲት ሴት አለች። … ማን እንደሆነች አልልም። ጎበዝ ናት። የሰው ልጅ ጉዳይ እንደሷ የሚያንገበግበው ፍጡር አላየሁም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲሉ ሰድበው ሊሞቱ ነው። እኔ አልስማማም። እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር የኛን ድስት ማን ያማስልልን ነበር? እኛማ ሱቅ ውለን፣ ደክሞን ገብተን፣ ድስት መኖሩንም ረስተነው ነበር።

ስለ ሙንተሃ ለዲሬክተሩ ሰባት ደብዳቤ ጽፋለች። ሰባቱንም ሰጥቶኝ አንብቤያቸዋለሁ። እጅ ጽሑፏ ማሻአላህ ነው። ስንት ሰዓት ከቤት እንደወጣች፣ ስንት ሰዓት እንደተመለሰች፣ በየትኛው ጎን እንደዞረች፣ ሻሿ ምን ቀለም እንደነበር፣ ሁሉም አለ። እያንዳንዱ ደብዳቤ «ለልጅቷ ከማሰብ የተነሣ» ብሎ ይጀምርና «ትባረር» ብሎ ያልቃል። ፍቅር መቼም እንዲህ ነው፣ መጨረሻው መለያየት።

ብትባረር ዓመቱ አጋማሽ ስለሆነ የሚቀበላት ትምህርት ቤት አልነበረም። ባሺርን ታውቂዋለሽ፣ ባሌ ሲደነግጥ ባቡር ነው የሚታየው። «ድሬ ትሂድ፣ ወንድሜ ሱቅ ትቁም፣ ትምህርቱም ይቅርባት» ብሎ ሻንጣ ማውረድ ጀምሮ ነበር።

ዲሬክተሩ ግን ቸኩሎ አያውቅም፣ ደሞዙም እንኳ ዘግይቶ ሲመጣ አይቆጣም። ደብዳቤዎቹን ሁሉ ካነበበ በኋላ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። ትምህርት ቤቱ በአራት ዓመት ውስጥ ስምንት ልጆች አባርሯል። ስምንቱም የት እንደደረሱ በየቤቱ ደውሎ አጣርቶ ነበር። ሁለቱ ሌላ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ሦስቱ ጋራዥ ናቸው። አንዱ ወደብ ላይ ይሸከማል። ሁለቱ ወደ የመን ከሚሻገሩት ልጆች ጋር በኦቦክ መንገድ ሄደዋል፤ ስልካቸው ከዚያ ወዲህ አልመለሰም። «ማባረር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። መጀመሪያ ቤተሰቡ ስድስት ሐሙስ አብሯት ይቀመጥ። አንዱን ሐሙስ ከቀራችሁ ትባረራለች» አለን። የዚያን ቀን ያቺ ጎበዝ ሰው አለቀሰች አሉ። ለትምህርት ቤቱ አዝና ነው።

መዳም ጀዋሪያ እናቷ የድሬዳዋ ሴት ናቸው፣ አማርኛዋ እንደኛው ነው። ግን ብዙ ዓመት ፈረንሳይ ተምራ ስትመጣ የከተማዋን ነገር ረስታዋለች። የመጀመሪያውን ቀጠሮ መቼ አደረገችው? ቀትር ላይ፣ ጫት በሚገባበት ሰዓት። ሱሪያ፣ በዚያ ሰዓት በዚህ ከተማ ወንድ ለጀናዛ እንኳ ይሰበሰባል? ሟቹ ራሱ «ትንሽ ቆዩልኝ» ሳይል ይቀራል? ባሺር ግን ለልጁ ብሎ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ መጣ። እግሩን ደፉ ላይ አደረገ። ከዚያ የጫት መኪናዋ ጥሩምባ ከሩቅ ተሰማ። … ሰውየውን መልሰን ያየነው አመሻሽ ላይ ነው። መዳም ጀዋሪያ አንድ ሐሙስ ይቅር ብላን ቀጠሮው ወደ ጠዋት ተዛወረ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣልሽ። ከቀጠሮው በፊት ለልጁ ፎርም ይሰጠዋል። «በአንተ ጉዳይ ያገባቸዋል የምትላቸውን አዋቂዎች ሁሉ ጻፍ» ይላል። ልጁ ብቻውን ነው የሚሞላው፣ እናት አባት አያይም። ሙንተሃ ቁጭ ብላ ሞላች። እናቴ አለች፣ አባቴ አለች። ከዚያ ሦስተኛ ስም ጻፈች።

… አዎ። እሷን።

መዳም ጀዋሪያ ሰፈራችንን ከየት ታውቃለች? አክስት መሰለቻት፣ የጥሪ ደብዳቤ ላከችላት። ያቺ ሰው ደግሞ ደብዳቤው ሲደርሳት በባለሙያነት የተጠራች መሰላት፣ ኮሚቴውን ወክላ እኛን ልታስረዳ። ማን ይፈርድባታል? ሰው የሚያውቀውን ሥራ ሲጠሩት ለምን ብሎ አይጠይቅም።

መጣች። ወርቅማ ድሪያ ቀሚስ፣ አዲስ ሻሽ፣ አራት ገጽ የተጻፈ ንግግር። ከመዳም ጀዋሪያ ጎን ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔና ባሺር ጥግ ላይ፣ ሙንተሃ መሐል። ተናገረች። የግድግዳው ሰዓት ፊት ለፊቴ ስለነበር ሳላስበው ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ። ባሺር በዓመት ስንት ጊዜ ድሬ እንደሚወርድ፣ እኔ ሱቄን ስንት ሰዓት እንደምዘጋ፣ የትኛው ቀን እራት ከሆቴል እንደምናመጣ። አንድም ስህተት አላገኘሁበትም። እዚህ ላይ አልዋሽም፤ ቤቴን እንደዚያ ጥርት ብሎ አይቼው አላውቅም ነበር።

ስትጨርስ መዳም ጀዋሪያ ቀና ብላ «በጣም ጥሩ። ለልጅቷ ምኗ ነዎት?» አለቻት።

«የኮሚቴው …» አለች።

«እሱን አይደለም፣ ዝምድናዎን ነው። ይኸ የቤተሰብ ስብሰባ ነው።»

ንግግሯን የጻፈችበትን ወረቀት አገላበጠች።

«እሺ፣ ከልጅቷ ጋር መጨረሻ የተነጋገራችሁት መቼ ነው?»

እሷ ደግሞ እውነተኛ ሰው ናት፣ ውሸት አልሞከረችም። ስለ ልጅቷ ሰባት ደብዳቤ፤ ለልጅቷ አንድ ቃል የለም። ሰላምታ እንኳ። ስንት ዓመት ፊት ለፊት ተጎራብተን።

መዳም ጀዋሪያ ወደ ሙንተሃ ዞራ «ታዲያ ለምን ጻፍሻቸው?» አለች። ልጄ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ስወጣ ስገባ የምታየኝ እሷ ብቻ ናት። እቤት የት ዋልሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እሷ ግን ሁልጊዜ ታውቃለች። ቤተሰብ እሱ መስሎኝ ነው» አለች።

… ጨርቁን ጫፉን ያዢልኝ እስቲ።

ይኸን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ባሺር ወለሉን አየ። እኔም ወለሉን አየሁ፤ ንጹሕ ወለል ነበር። የሰውን ወገብ በዓይኔ የምለካ ሴት ነኝ፣ ደንበኛ በር ላይ እያለች ስንት ሜትር እንደሚበቃት እነግራታለሁ። የገዛ ልጄን ሻሽ ቀለም ግን ያነበብኩት ከሰው ደብዳቤ ነው። ለዚህ ያቺን ሰው አመሰግናታለሁ። ከልቤ። ይኸኛው አሽሙር አይደለም።

ቀጣዩ ነው።

መዳም ጀዋሪያ ለሁላችንም የቤት ሥራ ሰጠችን። ለኔ፣ በቀን አንድ ጥያቄ ልጅሽን ጠይቂ፣ መልሱን ራስሽ አትመልሺላት። ለባሺር፣ ሐሙስ ሐሙስ ትምህርት ቤት በእግርህ አድርሳት። ለያቺ ሰው ደግሞ፣ በየቀኑ ልጅቷን ሰላም በያት፣ ለሰባት ቀንም ስለሷ ለማንም አትናገሪ።

ሰላምታው አልከበዳትም። የመጀመሪያው ቀን ሙንተሃ ደንግጣ ቦርሳዋን ጣለች እንጂ ከዚያ ወዲያ ለመዱት። የከበዳት ሰባቱ ቀን ነው። በሁለተኛው ቀን ታመመች። ትኩሳት የላት፣ ሳል የላት፤ ጉሮሮዬን አለች። ሐኪም አየ፣ ምንም የለም። በአራተኛው ቀን መዋጥ አቃተኝ አለች። ባለቤቷ ያን ሳምንት ቤት ውስጥ ጸጥታ አግኝቶ ሁለት ኪሎ ጨመረ፤ ሚዛኑ እዚሁ ጎን ያለው ፋርማሲ ነው፣ ወጥቶ ሲያይ አይቼዋለሁ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት በአላህ ፈቃድ ድና ተነሣች። ከሱብሂ እስከ ዙሁር አራት ቤት አዳረሰች።

ስድስቱ ሐሙስ እንዲህ አለቀ። ሙንተሃ አልተባረረችም። ከዚያ ወዲህ የቀረችው ሁለት ቀን ነው፣ ሁለቱም በጉንፋን። ዓመቱ ሲያልቅ ከሠላሳ አራት ልጆች አሥራ ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ ወጣች አልልሽም፤ አሥራ ሁለተኛ ነው። ከኛ በኋላ ሰባት ቤተሰብ እዚያ ክፍል ገብቷል። አምስቱ ልጆች ዛሬም ክፍላቸው ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱ አልሆነላቸውም። ሁሉም ተቃና አልልም። ፍየሏም ደህና ናት፣ ሆዳን አካባቢ አለች። በዲሬክተሩ ቢሮ ስታልፍ ቆም ትላለች ይላሉ፤ እሱን ግን አላየሁም።

ያቺ ሰው ግን ለትምህርት ቤቱ ያላት ፍቅር አልበረደም። «ፍየል ያስገባችውን መክረን ከተውን ነገ ግመል ይገባል» ብላ አዲስ አንቀጽ አርቅቃ አስጸደቀች። አንቀጽ ዘጠኝ። «የትምህርት ቤቱን ሥራ በሙሉ ያቋረጠ ተማሪ፣ የማንም ልጅ ቢሆን፣ ይባረራል» ይላል። «የማንም ልጅ ቢሆን» የምትለዋን በእስክሪብቶ ከዳር የጨመረቻት ራሷ ናት፤ ወረቀቱ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ጉድጓድ ስትምሺ አታርቂው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል። ይኸ ለሰነፍ የተተረተ ነው። እሷ ሥራ ከጀመረች አጋማሽ አታውቅም፣ እስከ ውኃው ነው የማሰችው። ዲሬክተሩ ከሥሩ አንዲት መስመር ብቻ አስገባ፤ «ኮሚቴው በድምፅ ወደ ቤተሰብ ምክር ካልመራው በቀር፤ ድምፅ እኩል ከሆነ ምክሩ ይቀድማል።» መስመሯን የተቃወመ አንድ ሰው ብቻ ነው። … አልልም ብያለሁ።

እንግዲህ ባለፈው እሁድ የሆነውን ሰምተሻል። አልሰማሁም አትበዪኝ፣ ያንቺም ሁለቱ ገና በጠዋቱ ቤት ገብተዋል። አንድ ልጅ፣ የሙንተሃ ክፍል ነው፣ ረጅም፣ ጨዋ፣ ዓይን አፋር … የመውጫ ደወሉን በስልኩ ቀድቶ፣ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በድምፅ ማጉያው ለቀቀው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ወጣ። መምህራኑም ወጡ፤ አንዱን እኔ ራሴ እዚህ በር ላይ ሲያልፍ «ዛሬ ቀኑ እንዴት ነው የሮጠው» ሲል ሰምቼዋለሁ። ዲሬክተሩ ግቢው ውስጥ ከዘበኛው ጋር ብቻ ቀረ። ዘበኛውም ነገ ያገናኘን ብሎ ተሰናበተው።

የትምህርት ቤቱን ሥራ በሙሉ ያቋረጠ። ቃል በቃል። በልክ የተሰፋ ድሪያ እንኳ እንደዚህ አይገጥምም።

ቅዳሜ ኮሚቴው ይሰበሰባል። በዚህ ዓመት እኔም ገብቻለሁ፤ ዲሬክተሩ «ልምድ ያለው ወላጅ ያስፈልጋል» ብሎ ነው ያስመረጠኝ። አምስት ነን። አንዷ በዚህ ጉዳይ ድምፅ አትሰጥም፣ ዝምድና አለባት። ከቀረነው አራቱ ሁለቱ አንቀጹ ይከበር ብለዋል፤ የማንም ልጅ ቢሆን። አንዱ ልጅ ማባረር አይወድም። አራተኛዋ እኔ ነኝ። እጄን ወደ ምክሩ ካነሣሁ እኩል ይሆናል፣ ልጁም ይተርፋል። ካላነሣሁ … ፈተናው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ከዚያ ያ ልጅ ጋራዥ ይሁን፣ ወደብ ይሁን፣ ወይም ያ የኦቦክ መንገድ።

ከሰኞ ጀምሮ ሰላም የሚለኝ ሰው በዝቷል። ትናንት አንድ ሳህን ሳምቡሳ ተላከልኝ፣ አሥራ ስድስት ፍሬ፣ ገና ትኩስ። ከዚያ ቤት ወደኔ ቤት ሳህን ሲሻገር የመጀመሪያው ነው። ይኸው ዛሬ ሐሙስ ደግሞ አንቺ፣ የማትፈልጊውን መጋረጃ ፍለጋ በዚህ ፀሐይ። … አይ፣ ምንም አላልኩሽም። ሳምቡሳው ጥሩ ነበር፤ ጨው ብቻ በዛበት። የቸኮለ ሰው እጅ ነው።

መዳም ጀዋሪያ ሥርዓቷ አይዛነፍም፤ ጉዳዩ ከመታየቱ በፊት ልጁ ፎርሙን ይሙላ አለች። ማክሰኞ ሞላ። ትናንት ጠዋት ደብዳቤ ደረሰኝ። «ለወይዘሮ ማይሙና፣ በተማሪው ጉዳይ ያገባቸዋል ተብለው ከተጻፉት አዋቂዎች አንዷ ስለሆኑ …» ይላል። መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ላሳይሽ እችላለሁ።

እኔ አልጠየቅኩትም። ልጁ ከትምህርት ሲመለስ እዚህ ነው የሚያርፈው። ስምንት ወር ሆነው። ያ ወፍራሙ ጣቃ ላይ ተቀምጦ፣ ክሊሙ ሥር፣ የቤት ሥራውን ይሠራል። ውኃ እሰጠዋለሁ፣ ብስኩት እሰጠዋለሁ። እናቱ አታውቅም መሰለኝ። እንዴት ታውቃለች? መስኮቷ የሚያየው ወደ ቤቴ ነው፣ ወደ ሱቄ አይደለም።

ትናንትም ከትምህርት ታግዶ ሳለ መጣ። ለምን ጻፍከኝ አልኩት። «ቀንህ እንዴት ነበር ትዪኛለሽ፣ መልሱንም እስክናገር ትጠብቂያለሽ» አለኝ። የቤት ሥራዬ ልማድ ሆኖብኝ እኮ ነው፣ ያገኘሁትን ልጅ ሁሉ ነው የምጠይቀው። ሌላስ ማንን ጻፍክ አልኩት። «አባቴን። አያቴን። አንቺን።» አንድ ሰው አልረሳህም? አልኩት። አሰበ፣ ወላሂ ከልቡ አሰበ። ምን አለ መሰለሽ? …

«እሷማ የኮሚቴ ናት» አለኝ።

ውኃሽን ጠጪ ሱሪዬ። ሞቀብሽ መሰለኝ።

በክፋት አላለውም። ሰዓት ስንት ነው ሲባል እንደሚመልስ ሰው ነው ያለው። እኔም ብስኩት ጨመርኩለት።

እና ቅዳሜ እጄን አነሣለሁ፣ ለምክሩ። ይኸን ቀጥ ብዬ ነው የምነግርሽ። ስድስቱንም ሐሙስ እገኛለሁ፣ ቤተሰብ ነኛ። ንግግር አልጽፍም፤ ጥጉ ላይ ያለው ወንበር ይበቃኛል፣ ለምጄዋለሁ። እናቱ በፎርሙ ባትጻፍም መግባት ትችል እንደሆነ መዳም ጀዋሪያን ጠይቄያለሁ። እናት ሁልጊዜ መግባት ትችላለች አለችኝ። መጀመሪያዎቹን ቀናት ባትናገር፣ ብታይ ብቻ ይሻላል አለች። ማየቱንስ ታውቅበታለች አልኳት።

አንቺ ግን እንዳትነግሪያት። … ማንን? ማንንም።

በይ ጨርቁን ልቁረጥልሽ። ወፍራሙን ተዪው፣ ስሷን ነው የምሰጥሽ። አንድ ሜትር ከሃምሳ በሁለት፣ ለጠርዝ ማጠፊያ አሥር ሣንቲ ሜትር ጨምሬበታለሁ። ቦርሳሽን መልሺ፣ ስጦታ ነው። ሳህን ባዶ አይመለስም፤ ይኸው ከነሳህኑ አጣጥፌዋለሁ፣ ለባለቤቱ አድርሺልኝ። ጥሩ ጨርቅ ናት። ከውስጥ የቆመ ሰው መንገዱን በሙሉ ያያል፤ ጥጓን መያዝ የለ፣ ጣት መድከም የለ። መብራት ሲበራ ወደ ውስጥም ታሳያለች። እሱ ግን አያሳስብም፤ ያ ቤት የሚደበቅ ነገር ኖሮት አያውቅም።

ዱዓ አድርጌላታለሁ በያት። አላህ ዕድሜዋን ያርዝምላት፣ የዓይኗን ብርሃን ይጠብቅላት። ልጇንም ያሳድግላት፣ ተምሮ ትልቅ ሰው ይሁንላት። በሄደበት አገር ሁሉ፣ በሚያድርበት ሰፈር ሁሉ፣ ፊት ለፊቱ ካለው መስኮት አላህ ለሱም ልክ እንደ እናቱ ያለች አሳቢ ጎረቤት ያቁምለት።

አሚን በይ እንጂ፣ ሱሪዬ።